ሙድ የተያዘበት ልዑል

ሐረር ያደገ ሰው ሁሉ ሐኪም ጋራ ላይ የሆነ ታሪክ አለው። አንዱ ለማትሪክ ላጥና ብሎ ወጥቶ ደብተሩን ተንተርሶ ተኝቶ ወርዷል። አንዷ የመጀመሪያ ፍቅሯን እዚያ አውርታለች። ሌላው ደግሞ ከክፍል ፎርፎ ጀጎልን ከላይ ቁልቁል ሲያይ ውሎ ወደ ቤቱ ገብቷል። የእኔ ታሪክ ከዚህ ከሦስተኛው ጋር የተያያዘ ነው፤ የፎረፍኩት ግን እኔ አልነበርኩም። እመጣበታለሁ።

ባለፈው ለቤተሰብ ጥየቃ ሄጄ ጋራው ላይ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ነፋሱ ደስ ይላል፣ ከታች የከተማው ድምፅ እየተቆራረጠ ይሰማል። ስልኬን እየነካካሁ አንድ የድሮ ፎቶ ላይ ደረስኩ። የሰባት ዓመት ሐበሻ ልጅ ነው። ሸማ ለብሷል፣ አንገቱ ላይ ጌጥ አስሯል፣ ዓይኑ ግን የሰባት ዓመት ልጅ ዓይን አይመስልም። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ልዑል ዓለማየሁ ነው፣ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ።

ሁላችንም ታሪኩን የምናውቀው በዘረፋው በኩል ነው። እንግሊዞች መቅደላን ዘረፉ፣ ልጁን ወሰዱ፣ ሞተ፣ አጽሙን አንመልስም አሉ። ይሄ እውነት ነው፣ መናደዳችንም ልክ ነው። እኔ ግን እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት ሌላ ነገር ነበር። ይሄ ልጅ ከዕድሜው ብዙውን ያሳለፈው እንደ እኛው በተማሪነት ነው። ትምህርት ቤት ሄዷል፣ ትምህርት ቤት ቀይሯል፣ አዲስ ክፍል ገብቶ ሁሉም ዞር ብሎ አይቶታል። እስቲ ዛሬ ልዑሉን ትተን ተማሪውን እንከተለው። (ዓመቶቹን ከእንግሊዝ ሰነዶች ጋር እንዲገጥሙ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

ዓለማየሁ የተወለደው ኤፕሪል 1861 ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናት፤ ውቤ ማለት ቴዎድሮስ በ1855 ደረስጌ ላይ ድል አድርገው ያሰሯቸው የሰሜንና የትግራይ ገዢ ናቸው። በሌላ አነጋገር እናቱ ያገባችው አባቷን ያሰረውን ሰው ነው። ልጁ ገና ከመወለዱ ጀምሮ ቤቱ ሰላም የነበረው ቤት አልነበረም።

የመቅደላውን ጦርነት ሁላችሁም ስለምታውቁት አላረዝመውም። ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጣ፣ አውሮፓውያንን አሰሩ፣ ጄኔራል ናፒየር ጦር ይዞ መጣ። ኤፕሪል 13 ቀን 1868፣ በእኛ ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ መቅደላ ወደቀ፤ ንጉሡ በእጃቸው ጠፉ። ከአምባው የተዘረፈውን ዕቃ ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጎ ነበር። ዓለማየሁ ሰባት ዓመት ሊሞላው አሥር ቀን ይቀረዋል። እሱም ከዕቃው ጋር አብሮ ወረደ።

አንድ ወር ገደማ ቆይቶ እናቱ ትግራይ ውስጥ መንገድ ላይ እያሉ ታማ ሞተች። ጨለቆት ተቀበረች። አስተማሪው አለቃ ዘነብ አብረውት ጉዞ ቢጀምሩም እንግሊዝ አልደረሱም፤ ከመንገድ ተመለሱ። ስለዚህ መርከቧ በሐምሌ እንግሊዝ ስትደርስ ልጁ አባት የለውም፣ እናት የለውም፣ መምህር የለውም፣ አገር የለውም። የቀረው አንድ ሰው ነበር፤ ካፒቴን ስፒዲ።

ስፒዲ የሚገርም ሰው ነው። ቁመቱ እንደ ግንብ የሆነ፣ ጺሙ ቀይ፣ አማርኛ የሚችል እንግሊዛዊ። ቀደም ብሎ በቴዎድሮስ ዘንድ አገልግሎ ስለነበር ባሻ ፈለቀ የሚል ስም አውጥተውለታል። ያለፈውን ሁሉ ያየ ልጅ አማርኛ የሚያወራለት ሰው ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። ተጣበቀበት። ከአጠገቡ መራቅ አይፈልግም ነበር፤ ሌሊቱም ሰላም አልነበረውም። እኔ የሥነ አእምሮ ባለሙያ አይደለሁም፣ ያጠናሁት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ግን ይሄን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም። በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ሁሉን ያጣ ሕፃን የመጨረሻውን ሰው አንቆ ይይዛል።

ስፒዲ ልጁን ይዞ ዋይት ደሴት ሄደ። ንግሥት ቪክቶሪያ የበጋ ቤቷ እዚያ ስለነበር ልጁን አስጠርታ አየችው፣ ወደደችው። መጀመሪያ የነገርኳችሁን ፎቶ ያነሳችው በዘመኗ ስመ ጥር የነበረችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናት፤ ያኔ እዚያው ደሴት ላይ ትኖር ነበር። ፎቶዎቹ ተሸጡ፣ ጋዜጦች ስለ ልጁ ጻፉ። ልብ በሉ፣ ይሄ ልጅ የሰው ዓይን ያረፈበት ገና ትምህርት ቤት ሳይገባ ነው። ዛሬ ቢሆን ቫይራል ሆነ እንል ነበር፣ እሱን ግን ማንም ፈቃዱን አልጠየቀውም።

ከዚያ ስፒዲ አገባና ህንድ ተመደበ፤ ልጁንም ይዞት ሄደ። እነዚያ ጥቂት ዓመታት ከእንግሊዝ ሕይወቱ ሁሉ የተሻሉት ሳይሆኑ አይቀሩም። ቢያንስ ቤተሰብ የሚመስል ነገር ነበረው። ችግሩ ወጪውን የሚሸፍነው የእንግሊዝ መንግሥት ነው፣ መንግሥት ደግሞ በጉዳዩ ላይ ሐሳብ አለው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሮበርት ሎው ልጁ እንግሊዝ አገር ተመልሶ እንደ እንግሊዝ ባላባት ልጅ መማር አለበት ብሎ ወሰነ። የአንድ ልጅ ዕጣ በገንዘብ ሚኒስቴር መወሰኑ ኢኮኖሚስት ለሆንኩት ለእኔ እንኳን ይከብደኛል። ስፒዲ ወደ ፔናንግ ሲዛወር ልጁ ቀረ። ለሁለተኛ ጊዜ ወላጅ አጣ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አማርኛ የሚያናግረው ሰው ከጎኑ አልነበረም።

እዚህ ጋ ነው ተማሪው የሚጀምረው።

መጀመሪያ ቼልተንሃም ገባ፤ የኮሌጁ ዋና ኃላፊ ዶክተር ጄክስ ብሌክ ቤታቸው አስቀመጡት። በ1874 እሳቸው የራግቢ ትምህርት ቤት ዋና መምህር ሆነው ሲሾሙ እሱም አብሯቸው ሄደ። ዕድሜው አሥራ ሦስት ነው። ለማለት ያህል፣ ጄክስ ብሌክ ክፉ ሰው አልነበሩም። ልጁን ከልጆቻቸው ጋር አኑረውታል። በትምህርቱ ደከም ቢልም ስፖርት ላይ ጎበዝ ነበር፤ ሜዳ ላይ ሲወጣ የሚቀለው ይመስላል።

ስለ ራግቢ ትንሽ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄ ተራ ትምህርት ቤት አይደለም። ራግቢ የሚባለው ስፖርት ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ከስፖርቱ ሌላ ደግሞ በአንድ መጽሐፍ ይታወቃል። በ1857 ቶማስ ሂዩዝ የሚባል የቀድሞ የራግቢ ተማሪ ስለ ትምህርት ቤቱ ልብ ወለድ ጻፈ፤ ቶም ብራውን ስለሚባል ልጅ የትምህርት ቤት ዘመን። መጽሐፉ ውስጥ ፍላሽማን የሚባል ትልቅ ልጅ አለ። ትንንሾቹን ይመታል፣ ያዋርዳል፣ ያሰቃያል። እንግሊዝኛ አንባቢዎች እስከ ዛሬ ጉልበተኛ ተማሪ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚላቸው እሱ ነው። መጽሐፉ የወጣው ዓለማየሁ ራግቢ ከመግባቱ አሥራ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ ያነበበው ሕዝብ ብዛት ለጉድ ነው። ነገሩ ማንም የማያውቀው ምስጢር አልነበረም ማለት ነው። አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ አንብቦ ስቋል፣ አልቅሷል፣ ልጁንም እዚያው ልኳል።

በነዚያ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ትንንሾቹ ተማሪዎች ትልልቆቹን የሚያገለግሉበት ሥርዓት ነበር። ቁርስ መሥራት፣ ጫማ መጥረግ፣ መላላክ። ሕጋዊ ነው፣ ደንብ አለው። ልጅን ጠንካራ ያደርገዋል ተብሎ ይታመናል። ይሄ አስተሳሰብ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ልጅ ተመትቶ ሲያለቅስ፣ ወንድ ልጅ አይደለህ እንዴ ሲባል ስንቴ ሰምተናል?

ዓለማየሁ ራግቢ ውስጥ በግልጽ ምን ምን እንደደረሰበት ዘርዝሬ መናገር አልችልም፤ ደስተኛ እንዳልነበር ግን ታሪኩን ከደብዳቤዎች ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋል። የባሰው የመጣው በኋላ ነው።

በ1878 ሳንድኸርስት የጦር ኮሌጅ ገባ። የሐረር ሰው ሳንድኸርስት ሲባል አይደነግጥም፤ እኛም ከተማ የጦር አካዳሚ ነበረ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ያው በአውሮፓውያኑ፣ በህንድ መኮንኖች እገዛ የተከፈተው። ህንዶቹ ራሳቸው የእንግሊዝ የጦር ትምህርት ልጆች ናቸው። የሐረር ሽማግሌዎች ስለ አካዳሚው ዕጩ መኮንኖች ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል፤ ዩኒፎርሙ፣ ሰልፉ፣ ኩራቱ። ዓለማየሁም በአሥራ ሰባት ዓመቱ እንዲህ ያለ ቦታ ሲገባ ምናልባት የአባቱ ልጅ እሆናለሁ ብሎ ይሆናል። ይሄ የእኔ ግምት ነው። የአባቱ አገር በወረረው ጦር ኮሌጅ ውስጥ ወታደር መሆን ምን እንደሚመስል ማሰብ ራሱ ይከብዳል።

እዚያ የገጠመው በሰነድ የታወቀ ነው። በቆዳው ቀለም ተናቀ፣ ጓደኞቹ ሊሆኑ የሚገባቸው ልጆች ጉልበተኝነት ፈጸሙበት። በእኛ ቋንቋ ሙድ ያዙበት፣ አሸማቀቁት። በዚያው ዘመን አካባቢ ወደ አገሩ መመለስ እንደሚናፍቅ የሚያሳዩ ደብዳቤዎች አሉ። ጥያቄው ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ኢትዮጵያ ውስጥ አፄ ዮሐንስ ነግሠዋል፤ የቴዎድሮስ ልጅ ቢመለስ ፖለቲካው ይወሳሰባል ብለው ፈርተው ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ለልጁ የደረሰው መልስ አንድ ነው፤ እዚህ አትፈለግም፣ ወደዚያም አትሄድም።

ሳንድኸርስት አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ወጣ። በዛሬ አነጋገር ድሮፕ አውት አደረገ።

ከዚያ ሊድስ ከተማ ሄደ፤ ራግቢ ሳለ ያስጠናው የነበረው ሲሪል ራንሰም እዚያ የታሪክ መምህር ሆኖ ተቀጥሯል። ሄዲንግሊ በሚባለው ሰፈር በራንሰም ቤት ሆኖ በግል መማር ጀመረ። ከሁሉም ቦታዎች መርጦ ወደሚያውቀው መምህር መሄዱን ሳይ ውስጤ ትንሽ ይረበሻል። አንድ የሚያምነው ሰው አግኝቶ ነበር ማለት ነው፤ ግን መሽቷል።

በጥቅምት 1879 ታመመ። የሳንባ ሽፋን ሕመም ነበር፣ ሳንባ ምች ያሉትም አሉ። ያከመው ዶክተር ክሊፎርድ ኦልበት ነው፤ ያ ሐኪሞች ዛሬ የሚጠቀሙበትን ዓይነት አጭር የትኩሳት መለኪያ የሠራው ሰው። ከዚያ የተሻለ ሐኪም በዘመኑ ሊድስ ውስጥ አይገኝም። ንግሥቲቱ ራሷ ስለ ጤናው ትከታተል ነበር፣ ጋዜጦችም ይጽፉ ነበር። ልጁ ግን አንድ ሰሞን ተመርዣለሁ ብሎ አመነ። ሕክምናውን አልቀበልም አለ።

ይሄን ሳነብ ስልኩን አስቀመጥኩት። ትኩሳት ያመጣው ቅዠት ሊሆን ይችላል፣ እሱን አልክድም። ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በማያውቃቸው ሰዎች እጅ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር የኖረ፣ በመጨረሻም እኩዮቹ የተሳለቁበት ልጅ፣ ሲታመም ቅዠቱ ምን ይሆናል? ሰው ሊገድለኝ ነው የሚል ይሆናል። መድኃኒት ለመዋጥ እኮ መጀመሪያ የሚሰጥህን ሰው ማመን አለብህ።

ኖቬምበር 14 ቀን 1879 ሞተ። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ዛሬ ይሄን ጽሑፍ ከምታነቡት ውስጥ የብዙዎቻችሁ ዕድሜ።

ጉልበተኝነት ገደለው እያልኩ አይደለም፤ የገደለው የሳንባ በሽታ ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ላይ ማጋነን ራሱ ጉዳት አለው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። በሞተበት ዕለት ንግሥት ቪክቶሪያ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ስለ እሱ ጽፋለች። በጣም አዝናለች፣ ሐዘኗም እውነተኛ ይመስለኛል። ዘመድ በሌለበት በሰው አገር ብቻውን መሞቱን፣ ሕይወቱ ደስታ የራቀው መሆኑን አስፍራለች። ከዚያ አንድ ነገር ትጨምራለች፤ ልጁ ሆደ ባሻ እንደነበረ፣ ሰዎች በቀለሙ ምክንያት ትኩር ብለው የሚያዩት ይመስለው እንደነበረ።

ይመስለው ነበር። እዚህች ቃል ላይ እንቁም።

በ1870ዎቹ በአንዲት ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ አንድ ጥቁር አፍሪካዊ ልዑል መንገድ ላይ ሲሄድ ሰዎች አያዩትም ነበር? ፎቶው በየቦታው ተሸጧል፣ ስሙ ጋዜጣ ላይ ነው፣ ከእሱ በቀር እሱን የሚመስል በአካባቢው የለም። በርግጥ ያዩት ነበር! ልጁ የተናገረው ያየውን ነው። ትልልቆቹ ግን እውነቱን ወስደው የባሕርይ ጉድለት አደረጉት። ችግሩ ከሚያዩት ሰዎች ተነስቶ መታየቱ የሚያመው ልጅ ላይ ተለጠፈ። ይሄ ደግሞ የቪክቶሪያ ዘመን ብቻ ነገር አይደለም። አንድ ተማሪ ሰው ይስቅብኛል ሲል፣ አንተ ነህ የምታካብደው፣ ተወው ናቃቸው፣ ለምን ታከራለህ የሚባለው ያው ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ ሁለት ሸክም ይይዛል፤ አንደኛው የሚደርስበት ነገር ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ እውነት እየደረሰብኝ ነው ወይስ እኔ ነኝ የተበላሸሁት የሚለው ጥርጣሬ። ሁለተኛው ይከብዳል። ሰው የገዛ ዓይኑን ማመን ሲያቆም ነው ጭንቀት የሚጀምረው፤ እንቅልፍ የሚጠፋው፣ ሁለት ሰው ሲንሾካሾክ ስለ እኔ ነው የሚያስብለው።

ዩኔስኮ በ2019 ከ144 አገሮች የተሰበሰበ መረጃ ይዞ አንድ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ገደማ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አንዴ ጉልበተኝነት ደርሶበታል ይላል። በተደጋጋሚ የሚደርስባቸው ልጆች ደግሞ ትምህርት ቤት ውስጥ እንደ ባይተዋር የመሰማታቸው ዕድል ከሌሎቹ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፤ ከትምህርት የመቅረታቸውም ከእጥፍ በላይ ነው። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ተጠቅሞ ሌላው ወጪውን ሲከፍል ስለሚፈጠረው ነገር ብዙ ተምረናል፤ ምሳሌው ሁልጊዜ ፋብሪካና የወንዝ ብክለት ነበር። ክፍል ውስጥ ሙድ ሲያዝ ያው ነው። ሳቁን ሠላሳ ሰው ይካፈለዋል፣ ሂሳቡን አንድ ልጅ ይከፍላል። የእንግሊዝ ግምጃ ቤት ለዓለማየሁ ማደሪያና ትምህርት የወጣውን ፓውንድ ቆጥሯል፤ ይሄኛውን ሂሳብ የያዘ መዝገብ ግን የለም።

ሌላም መዝገብ ላይ የሌለ ነገር አለ። የቪክቶሪያን ስም እናውቃለን፣ የጄክስ ብሌክን፣ የራንሰምን፣ የሐኪሙን ሳይቀር። ሳንድኸርስት ውስጥ የተሳለቁበትን ልጆች ስም ግን እኔ የትም አላገኘሁም። ምናልባት መኮንን ሆነው፣ አግብተው ወልደው፣ ያንን ዓመት ረስተው ኖረው ይሆናል። ሙድ የያዘ ሰው አያስታውስም። የተያዘበት ነው የሚያስታውሰው።

እኔ ግን አስታውሳለሁ። እመጣበታለሁ ያልኳችሁ ይሄ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል እያለን አንድ ልጅ ከሌላ ቦታ ተዛውሮ መጣ። ትምህርት ቤቱን አልጠራም። ልጁ ሲያወራ ይንተባተባል፤ ከጓደኛው ጋር ሲያወራ ብዙም አይታወቅበትም፣ ተነስቶ ሲያነብ ግን የመጀመሪያዋ ፊደል እምቢ ትለዋለች። አንድ ጠዋት ሲያነብ እኔ ከኋላ ሆኜ ብርድ ላይ ያደረ ባጃጅ ሲነሳ የሚያሰማውን ድምፅ አሰማሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪውም ፈገግ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ባጃጅ ሆነ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የማያውቁት የሌላ ክፍል ልጆች ሁሉ በዚያ ስም ይጠሩታል፤ በር ላይ ሲገባ የሞተር ድምፅ ያሰማሉ። የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የባጃጅ ስቲከር ተለቀቀ። ያንን እኔ አላደረግኩም፤ ያኔ በዚህ ራሴን አጽናናሁ፣ እኔ እኮ አንዴ ብቻ ነው ያልኩት ብዬ።

ልጁ አልተጣላም፣ አላለቀሰም። መጀመሪያ እጁን ማውጣት ተወ። ቀጥሎ ማንበብ ሲደርሰው ሽንት ቤት ልሂድ ማለት ጀመረ። ከዚያ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል። አንድ ቀን ታምሜ ከቤት ቀርቼ እናቴ ሐኪም ጋራ ጥግ ያለች አክስቴ ጋ ላከችኝ፤ ወጣ ስል አየሁት። ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ቦርሳውን አዝሎ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከተማውን ያያል። አየኝ። ሰላም ልበለው ብዬ አሰብኩ። የማደርገውን አጥቼ በሌላ መንገድ ዞሬ ሄድኩ። አሥረኛ ክፍል ስንገባ አልነበረም። ክፍል ውስጥ ስለ እሱ የተባለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ ሆደ ባሻ ነው።

ቪክቶሪያም ያለችው ይሄንኑ ነው።

ዓለማየሁ ዊንድዘር ውስጥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ጥግ ተቀበረ። በቀብሩ ላይ ራንሰም ነበር፣ ናፒየር ነበር፣ ስፒዲም ነበር። መቅደላን ያፈረሰው ጄኔራልና ልጁን ያቀፈው ካፒቴን አንድ ላይ ቆመው። ጸሎት ቤቱ ውስጥ ንግሥቲቱ ያሠራችው የነሐስ ጽሑፍ አለ፤ የተወሰደው ከማቴዎስ ወንጌል፣ እንግዳን ስለ መቀበል ከሚናገረው ክፍል ነው። ምፀት መሆኑ ማንም አልታየው ይሆን ብዬ አስባለሁ።

በ2007 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አጽሙ እንዲመለስ ጠየቁ። በ2023 ቤተ መንግሥቱ፣ አጽሙን ማውጣት አጠገቡ የተቀበሉትን ሌሎች ሰዎች ዕረፍት ይረብሻል ብሎ እምቢ አለ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ግን ሌላ ነገር ሆነ፤ ከስፒዲ ቤተሰብ እጅ ተጠብቆ የቆየ የልጁ ፀጉር ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተወካዮች ተሰጠ። ከሰውነቱ እስካሁን የተመለሰው እሱ ነው፤ አንድ ቁራጭ ፀጉር። ጠብቆ ያቆየውም ግምጃ ቤት አይደለም፣ ኮሌጅም አይደለም፤ ያ አማርኛ የሚያወራለት ሰው ወገን ነው።

ከጋራው ስወርድ መሽቶ ነበር። የድሮ የክፍል ጓደኞቼን ጠይቄ የልጁን ስልክ አገኘሁ፤ ድሬዳዋ ይሠራል አሉኝ። ምን ብዬ እንደምጽፍለት አላውቅም ነበር፤ ሦስቴ ጽፌ አጠፋሁ። በመጨረሻ በእውነተኛ ስሙ ጠርቼ፣ ያንን ስም ያወጣሁልህ እኔ ነኝ፣ ጋራው ላይም አይቼህ ነው የዞርኩት ብዬ ላክሁ። ምክንያት አልጨመርኩበትም።

ቴሌግራም ላይ ሁለተኛዋ ምልክት ከትናንት ወዲያ መጥታለች፣ አንብቦታል። እስካሁን መልስ የለም።